የቡድን ሥልጠናው ጉዞና በየቤታችን የቀሩት ሪፖርቶች

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች «ተማሪ ሳላችሁ ለአጭር ጊዜ ውጭ አገር ሄዳችሁ የተማራችሁትን ጻፉልን» የሚል መልእክት ሲልኩ የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ጸጥ አለ። የሚጽፈው ያለው ሦስት አራት ሰው ብቻ ነው። በእኛ ጊዜ ከጎንደር ተነስቶ አራት ሳምንት አውሮፓ ሆስፒታል ውስጥ ለመቆየት ቪዛ፣ ትኬትና የሚቀበል ሆስፒታል ሦስቱም የተሟሉለት ተማሪ በጣት ይቆጠራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ኧረ እኛም ሄደናል! ቆላ ድባ ውጭ አገር አይደለም እንዴ?» ብሎ ጻፈና ግሩፑ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ግን ነገሩን ሳስበው ልጁ ትክክል ነው አልኩ። የጎንደር ኮሌጅ የተከፈተው የሕክምና ትምህርት የፈለገ ሁሉ ባሕር መሻገር በነበረበት ዘመን ነው፤ ሐሳቡም ተማሪውን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ገጠር መላክ ነበር። ስለዚህ ስለ ተማሪና ስለ አጭር ጉዞ ለመጻፍ ከለንደን ይልቅ ከደንቢያ መነሳት ይሻላል። ከዚያም በፊት ከመቅደላ።

ዘመናዊ ሕክምና የተማሩት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ነው የተወለዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩና ከእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ። አንድ ኮሎኔል ወደ ህንድ ወሰዳቸው፣ እሱ ሲሞት ሌላው ኮሎኔል አስተማራቸው፤ ቻርለስ ማርቲን የተባሉት በእነዚሁ ሰዎች ስም ነው። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው፣ በርማ ሠርተው፣ አገራቸውን ዳግም ያዩት ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። ያን ጊዜ አማርኛ ጠፍቶባቸው ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ እንደለዩዋቸው ይነገራል። እንግዲህ የመጀመሪያው «የውጭ አገር ትምህርት» ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ፣ ቋንቋም አስከፈለ። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም መንገዳቸው ያው ባሕር ማዶ ነበር። አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ለአገራቸው ነፃነት ሲታገሉ እዚያው አሜሪካ አረፉ።

ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. ሲሞቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ሐኪም ቁጥሩ ጥቂት፣ አብዛኛውም የውጭ ዜጋ ነበር፤ የሚሠራውም አዲስ አበባና አንዳንድ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ገደማ ደንቢያ ላይ ወባ ገብቶ ወደ 7 ሺህ ሰው እንደጨረሰ የኮሌጃችን ታሪክ በተነሳ ቁጥር ሲነገር ሰምተናል። ሐኪም ከባሕር ማዶ ተምሮ እስኪመጣ የሚጠብቅ በሽታ አልነበረም። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ተባብረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከሉን ጎንደር ላይ ከፈቱ። ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር የሚሠለጥነው፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ አብረው እየተማሩ፣ አብረው መስክ እየወጡ፣ ሲመረቁም በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይመደቡ ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ 50 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ነው የታሰበው። ከ1950 ክረምት ጀምሮ አገሪቱን የመታው ትልቁ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳሞ 150 ሺህ ሰው እንደገደለ ሲገመት፣ ኮሌጁ ገና የመጀመሪያዎቹን ልጆቹን ማውጣቱ ነበር።

የቡድን ሥልጠና (እኛ «ቲቲፒ» የምንለው) የተወለደው ከዚህ ነው። ተማሪው በአስተማሪ ዓይን ሥር ሆኖ ጥቂት ሳምንት አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይኖራል። ቤት ለቤት ይቆጥራል፣ በሽታውንና ውሃውን ያጠናል፣ አንድ የሚጠቅም ነገር ሠርቶ ይመለሳል። ሌላው ዓለም ይህን የሕክምና ትምህርት መንገድ ብሎ ለማደራጀት፣ ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ቤቶች ጃማይካ ኪንግስተን ላይ ተሰብስበው መረብ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የጎንደር ተማሪ ያኔ ወደ ደንቢያ መውጣት ከጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት ሞልቶት ነበር። ጅማም በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይህንኑ መንገድ ያዘ፣ እንዲያውም አሰፋው። (የጅማ ልጆች «ቲቲፒ የኛ ነው» ሲሉ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ይቅርታ።) እኛ ጋ በ1971 ዓ.ም. ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር ኮሌጁ መልኩን ቀየረ፤ መስክ መውጣቱ ግን አልቀረም።

እዚህ ላይ ከየት ሆኜ እንደምጽፍ ልናገር። እኔ የመጣሁት ከሚጎበኙት ወገን ነው። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ውጫሌን አልፈው መርሳ ሳይደርሱ የሚያገኟት ትንሽ ከተማ ናት። በቀድሞው አጠራር የጁ አውራጃ፣ ዛሬ ሀብሩ ወረዳ። አውራ ጎዳና ላይ ያለ ከተማ የሚያልፍ ሰው ያያል፤ የሚቆም ሲኖር ደግሞ ለምን እንደቆመ ይጠይቃል። ወሎ ውስጥ እንግዳ የሚቆመው በአብዛኛው ክፉ ቀን ሲመጣ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወጥተው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አምጥተው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አሳዩ። መንግሥት ረሃቡን በሸፈነበት ሰዓት ነው። ያ ጉዞ በጣም አጭር ነበር፤ ግን ከእሱ የበለጠ ብዙ ያስተማረ የትምህርት ጉዞ በአገራችን ታሪክ አላውቅም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተመልካች ሲያሳይ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነገሩን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህንኑ ረሃብ አጥንቶ ሲጽፍ፣ የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ ወሎ ሲራብ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር አሳየ። የተራበው ሰው መኪና እያስቆመ ምግብ የለመነው በዚሁ በእኛ ጎዳና ላይ ነው። ሕዝቡ ያጣው መግዣውን ነበር።

ከዚያ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተበተነ፤ ያ ግን አጭር ጉዞ ስላልሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቀጥሎ ሰባ ሰባት። እኛ ጋ «ሰባ ሰባት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ካሜራ የያዘውም፣ ዱቄት የጫነውም፣ ቅጽ የሚያስሞላውም በዚያው መንገድ አለፈ። እናቴ የእንግዶቹን ዓይነት በሚይዙት ነገር ትለያቸው ነበር። «ካሜራ የያዘ አይመለስም፤ ቅጽ የያዘ አንድ ጊዜ ይመለሳል፤ መርፌ የያዘ ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል» ትላለች። የክትባት ዙር መሆኑ ነው። ከእሷ ይህን እየሰማሁ አድጌ ነው ከወልድያ በቻይና መንገድ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር፣ በወረታ ዞሬ ጎንደር የገባሁት። ለውርጌሳ ልጅ ጎንደር ራሷ አገር ማዶ ናት።

ቆላ ድባ የደረሰን በክረምት ማብቂያ ነበር። ደንቢያን የሚያውቅ መረሬውን ያውቃል፤ ጫማችን በየቀኑ አንድ አንድ ኪሎ ይጨምራል። የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርሲንግ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ተደባልቀን አንድ ግቢ ተከራየን፣ ፍራሽ አነጠፍን፣ ለምግብ አዋጣን። የአዲስ አበባ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲቀዱ የአከራያችን ልጆች ተሰብስበው ያዩዋቸው ነበር። እኔም አልቀረልኝም። አንዷን ታካሚ እንደ አገሬ «አብሽሪ» ብላት «ኧረ እኔ አብሽሪ አይደለሁም፣ ስሜን አሳስታችሁ ጽፋችኋል» ብላ ካርዷን አሳየችኝ።

ቆጠራው ላይ ከሁላችን የበለጠ ያስተማረን የሳኒታሪያን ተማሪው ነው። እኛ «ሽንት ቤት አላችሁ?» እንላለን፣ ሁሉም «አለን» ይላል፣ እንጽፋለን። እሱ ግን «እስቲ ያሳዩኝ» ይላል። አንዱ ቤት ውስጡ ማገዶ ተከምሮበት፣ ሌላው ጋ ዶሮ ታቅፋበት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቅጹ ላይ «አለ» የሚለውን «አለ» እና «ይገለገሉበታል» ብለን ለሁለት ከፈልነው። ሐኪም ከሆንኩ በኋላ «መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ከመጻፌ በፊት «እስቲ ብልቃጡን አሳየኝ» የምለው ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ አንዲት እናት ቤት ገባን። ቡና አፍልተው፣ ጥያቄያችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት መለሱ። ስንት ልጅ ወለዱ፣ ስንቱ አለ፣ ስንቱ ሞተ፣ ውሃ ከየት ይቀዳሉ። ስንነሳ «ልጆቼ፣ ባለፈውም ወረቀት የያዙ መጥተው ይህንኑ ጠይቀውኛል። መልሴ ጠፋ እንዴ?» አሉን። ለእሳቸው የጤናው፣ የግብርናው፣ የሕዝብ ቆጠራው፣ የዕርዳታ ድርጅቱ ሁሉም ወረቀት የያዘ ልጅ ነው። የሞቱ ልጆቻቸውን ለማያውቁት ሰው ደጋግመው መቁጠር ነበረባቸው።

ያ ጥያቄ ማታ ፍራሽ ላይ ሆነን ሲያከራክረን አመሸ። አንዳንዱ «ዳታ ዳታ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል» አለ። የነርሲንግ ተማሪዋ «ታዲያ ያለፈውን መጀመሪያ አንብበን ብንሄድ ምን አለበት?» አለች። በመጨረሻ የተስማማነው ሪፖርታችንን በአማርኛም አሳጥረን ጽፈን፣ አንዱን ቅጂ ለጤና ጣቢያው፣ አንዱን ለቀበሌው፣ አንዱን ለየራሳችን ለማስቀረት ነው። ዳታውን በኢፒ ኢንፎ አስገብተን ፍሎፒ ላይ ገለበጥነው፤ ፍሎፒው ዛሬ የሚያነበው ማሽን የለም። ወረቀቱ ግን አለ።

ከውጭ የሚመጡት ተማሪዎች ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1988 ዓ.ም. በጀመረው የጎንደርና የሌስተር ትስስር፣ በሌሎችም መንገዶች፣ የአውሮፓ የሕክምና ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ዋርድ ውስጥ ከእኛ ጋር ይቆሙ ነበር። በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን እኛ በየቀኑ እናያለን፤ የሩማቲክ ልብ ሕመም፣ ካላዛር፣ ቴታነስ። እነሱ የልብ ሙርሙር ለመስማት ሲሰለፉ ታካሚው ሸሚዙን አሥር ጊዜ ይገልጣል። አንዳንዶቹ ይህ ከብዷቸው «እሱ ይፈቅዳል ወይ? ጠይቁልን» ይሉን ነበር። በእርግጥ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛም ራሳችን ታካሚውን መጠየቅ የለመድነው ለእነሱ ስናስተረጉም ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ውጫሌ ጎረቤት ላደገ ሰው ደግሞ አስተርጓሚ ቀላል ነገር አይደለም። በ1881 የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ያመጣውን ጣጣ ከልጅነታችን ሰምተናል።

ወደዚያ የሄዱት የእኛ ጥቂት ልጆች ሲመለሱ ስለ ኤምአርአይ ያወሩናል ብለን ጠብቀን ነበር። አንዱ ያወራን ግን ስለ ሰፈር ክሊኒክ ነው። እንግሊዝ አገር አንድ ጠቅላላ ሐኪም ጋ ተቀምጦ፣ አንዲት አሮጊት ገብተው ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የብዙ ዓመት የሕክምና ታሪካቸው እዚያው አለ። የልጅነት ክትባት፣ የወሊድ፣ የስብራት። «ሰውየው ምንም አልደገመም፤ ካለፈው ነው የቀጠለው» አለን። ያኔ በቆላ ድባዋ እናት ጥያቄ ተያየን።

የዚህ ሁሉ ትርጉም ለእኔ የገባኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ሰሜን ወሎ ገባ። ወልድያ በነሐሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፣ የተመለሰችው በታኅሣሥ 2014 ነው። በመሃሉ ውርጌሳና ውጫሌ ዙሪያ ውጊያ ነበር፤ የዘመድ ወሬ የምንሰማው ስልክ ሲገኝ ብቻ ነው። መንገዱ ሲከፈት ከሐኪም ጓደኞቼ ጋር ወደ ሀብሩ ሄድኩ። ከገባንባቸው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የማዋለጃው አልጋ የለም፣ የክትባቱ ፍሪጅ የለም፣ ማይክሮስኮፑ የለም። ይህ ይተካል። ግቢው ውስጥ ዝናብ ያገኘው ወረቀት ተበትኖ ነበር። የቲቢ መዝገቡ፣ የእርግዝና ክትትሉ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በየቤቱ እየዞሩ የሞሉት የቤተሰብ ማኅደር።

የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር አራቱ ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለቱ ዓይነት። መዝገቡ ከሌለ አንድ ሰው ስንተኛ ወሩ ላይ እንዳቋረጠ የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው። የክኒኑን ቀለም እየጠየቅን፣ «በየትኛው በዓል ጀመርክ?» እያልን፣ ለአንዱ ከረመዳን፣ ለሌላው ከፋሲካ እየቆጠርን መዝገቡን እንደ አዲስ ጻፍነው። አንድ አባት ሦስቴ ስጠይቃቸው «አይ ልጄ፣ እናንተው ጋ አልነበረ እንዴ?» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት ነርስ ፍላሽ ይዞ መጣ። ተማሪ ሳለ ከቡድኑ ጋር በዚያው አካባቢ መስክ ወጥቶ የሠሩት ሪፖርት ነው። እንደማንኛውም የተማሪ ሪፖርት መግቢያው ረጅም፣ ፊደል ግድፈቱ ብዙ። ውስጡ ግን የጎጦቹ ዝርዝር ከነቤተሰብ ብዛታቸው፣ የተጠበቁና ያልተጠበቁ ምንጮች በካርታ፣ የልምድ አዋላጆቹ የትኛው ጎጥ እንዳሉ፣ በክረምት የትኛው ወንዝ መንገድ እንደሚዘጋ ሰፍሯል። የተንቀሳቃሽ ቡድኑን ስምሪት ያወጣነው በእሱ ነው። ያን ሪፖርት የገመገመው አስተማሪ ምን ነጥብ እንደሰጠው ባላውቅም እኔ ኤ ሰጥቼዋለሁ።

ጎንደር ስመለስ የባቻችንን ልጆች ጠየቅሁ። ከቡድናችን ሁለት ሰዎች የቆላ ድባውን ቅጂ አላቸው። አንዱ አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ላይ፣ አንዱ ከባለቤቱ ጋር ካናዳ ድረስ ሄዷል። ሌሎች ቡድኖችም የዳባት፣ የጎርጎራ፣ የአይከል፣ የአዲስ ዘመን ሪፖርት ያላቸው ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ከኛ ቀድመው የተመረቁ አንድ ጤና መኮንን በታይፕራይተር የተመታ፣ ግራፉ በቀለም እርሳስ የተሠራ እንዳላቸው በስልክ ነግረውኛል። የአንድ ትንሽ ከተማ የውሃ፣ የወሊድና የሞት ታሪክ እንዲህ ተሰብስቦ የሚገኝበት ሌላ ቦታ ብዙም የለም።

ስለዚህ ለዳግም ግንኙነቱ ስትመጡ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ። የመመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ ስካነር ይኖራል፤ ዋናውን ወዲያው መልሳችሁ ትወስዳላችሁ። ከመገልበጡ በፊት የቤት ባለቤቶችና የታካሚዎች ስም ያለበት ገጽ ይሸፈናል፤ ይህን እኔና ሁለት የባቻችን ልጆች ቁጭ ብለን እንሠራዋለን። አንዱ ቅጂ ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ሪፖርቱ ለተሠራበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። የእኛን የቆላ ድባውን በተመለከተ ግን አደራ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ንኩት፤ የምንጮቹ ካርታ በእርሳስ ነው የተሳለው፣ ጫፍ ጫፉም መደብዘዝ ጀምሯል።